ሰሊጥ የለበሰው ድቡልቡል

ዓምሃ ተወልዶ ያደገው ባቢሌ ነው፤ ኦቾሎኒ የሚበቅልበት አገር። በልጅነቱ ኪሱ ከኦቾሎኒ ባዶ የሆነበትን ቀን አያስታውስም። ስለዚህ ኖርዌይ፣ ኦስሎ የተወለደችው ልጁ ሩቲ በአንዲት የኦቾሎኒ ፍሬ ልትሞት ትችላለች ሲሉት፣ ሐኪሞቹ ፊት ራሱን ነቀነቀ እንጂ ልቡ አልተቀበለውም። «የፈረንጅ በሽታ ነው፤ ስታድግ ይለቃታል» ይላት ነበር ሚስቱን የምሥራችን፣ ያኔ አብረው ሳሉ።

የምሥራች ግን በዓይኗ አይታለች። ሩቲ ገና ሕፃን ሳለች ባርነሃገ በሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ከሌላ ልጅ እጅ ብስኩት ቀምሳ ፊቷ እንደ ቦካ ሊጥ ሲነፋ የደረሰችው እሷ ነበረች። ዓምሃ በዚያ ሰዓት አውቶቡስ እየነዳ ነበር። ሲመለስ ልጅቱ ድና፣ ተኝታ አገኛት። ባልና ሚስቱ በብዙ ነገር ይጋጩ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በዚህም ይጋጩ ጀመር። በኋላም ተለያዩ። እሷ ልጇን ይዛ ቫይትቬት የሚባል ሰፈር ገባች፤ እሱ ቶየን ሰፈር ካለው የማዘጋጃ ቤቱ ኪራይ ቤት ቀረ። ሩቲን የሚያገኛት በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ነበር።

ልጅቱን ስታስረክበው የምሥራች ሁልጊዜ አንዲት ቀይ ቦርሳ የልጅቱ ትከሻ ላይ ታንጠለጥላለች። «እብጠቱ ከጀመራት የሚወጋው መርፌ እዚህ ውስጥ ነው። እንዴት እንደሚወጋ ታውቃለህ አይደል?»

«አዎ፣ አውቃለሁ» ይላል።

አያውቅም ነበር። አንድ ጊዜ ስታሳየው እየሳቀ ነው ያየው።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር በሁለት ሺህ ስምንት፣ የካቲት ላይ፣ ውርጩ አጥንት የሚሰብር አንድ ቅዳሜ ነበር። ሩቲ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ባለፈው ነሐሴ ትምህርት ቤት ገብታለች። በረዶ ላይ ስትንሸራተት አርፍዳ ጓንቷ ርሷል፣ አፍንጫዋ ቀልቷል። ከቶየን አደባባይ ቁልቁል ሲወርዱ ጥግ ላይ መስኮቱ በእንፋሎት የተሸፈነ አዲስ ኬክ ቤት አየች። በሩ ላይ በቻይንኛ የተጻፈበት ቀይ ጨርቅ ተሰቅሏል።

«አባዬ፣ ይሄ ነው! ሊቭ የነገረችኝ! ደመና የሚመስል ዳቦ አላቸው!» ብላ እጁን ጎተተችው። ሊቭ የክፍል ጓደኛዋ ናት።

ዓምሃ ሱቁን ያውቀዋል፤ በአውቶቡስ ሲያልፍ ያየዋል እንጂ ገብቶ አያውቅም። ገቡ። ሙቀቱና የትኩስ ዳቦው ሽታ ፊታቸውን መታው። ካፖርታቸውን በሩ አጠገብ ካለው መስቀያ ሰቀሉ፤ ቀዩዋን ቦርሳም እዚያው። ከመስተዋቱ ኋላ በእንፋሎት የበሰሉ ነጫጭ ዳቦዎች፣ መሃላቸው እንቁላል የሞላ ቢጫ ኬኮች፣ በቅባት የሚያብረቀርቁ ንብብር ብስኩቶች ተደርድረዋል። የምትሸጠው ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ አምሳን የተሻገረች ሴት ናት። ስሟ ሊን ነው፤ ባሏ ከኋላ ከምድጃው ጋር ይታገላል። የእሷ ኖርዌይኛ ከዓምሃም የባሰ ነበር።

ዓምሃ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። ቻይኖች ዳቦ ውስጥ የአሳማ ሥጋ ይጨምራሉ ሲባል ሰምቷል። ስለዚህ ጣቱን በየትሪው ላይ እያሳረፈ ጠየቀ። «ይሄ አሳማ አለበት?»

«አለ።»

«ይሄስ?»

«የለም። ባቄላ። ቀይ ባቄላ፣ ጣፋጭ።»

«ይሄስ?»

«አሳማ» አለችና በዓይኗ ከኋላው የተሰለፉትን አየች። ሰልፉ ረዝሟል። አንድ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ዓምሃ ላብ ላብ አለው፤ ሰው ፊት ማስቸገር አይወድም።

ሩቲ ደግሞ ጣቷን መስተዋቱ ላይ ለጥፋ አልነቅል አለች። ወርቃማ፣ ክብ፣ ዙሪያውን ሰሊጥ የለበሰ ድቡልቡል ነገር ነው። «አባዬ፣ እሱን!»

«ይሄስ አሳማ አለበት?»

«አሳማ የለም» አለች ሊን። «በጣም ጣፋጭ። ልጆች ይወዳሉ።»

ይህ በቃው። ለነፍሷ ሲጠነቀቅ የሥጋዋን ጥያቄ ረሳ።

መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። ሩቲ ገመጠች፤ ሰሊጡ አገጯ ላይ ተረጨ፤ ሳቀች። ደግማ ገመጠች። ሦስተኛውን ልትገምጥ ስትል ቆመች።

«አባዬ፣ ምላሴን በላኝ።»

«ትኩስ ስለሆነ ነው። ውሃ ጠጪ።»

ጠጣች። አንገቷን አከከች። ከዚያ አሳላት፤ ደረቅ፣ የውሻ ጩኸት የሚመስል ሳል። ዓምሃ ቀና ብሎ አያት። የታችኛው ከንፈሯ ወፍሯል። እጁን ሰድዶ ከፊቷ የተገመጠውን ድቡልቡል አነሳና ውስጡን አየ። ቡናማ፣ የተፈጨ፣ ቅባት የወጣው ነገር ነው። ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

ባቢሌ ሸተተው። የአባቱ ማሳ፣ የተቆላ ኦቾሎኒ፣ የገበያ ቀን። ከዚያ ሽታ የሚፈራ ነገር ይመጣል ብሎ በሕይወቱ አስቦ አያውቅም ነበር፤ አሁን ግን ድቡልቡሉን ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«ፒአኖት?» ብሎ ጮኸ ወደ ሊን፣ ኦቾሎኒን በኖርዌይኛ ጠርቶ። «ውስጡ ፒአኖት ነው?»

«አዎ፣ አዎ፣ ፒአኖት» አለች ፈገግ ብላ፤ ወዲያው ፈገግታዋ ጠፋ። ልጅቱን አይታለች።

ዓምሃ ወደ መስቀያው ሮጠ። በላዩ የሌሎች ሰዎች ካፖርት ተደራርቧል። ሲጎትተው መስቀያው ከነልብሱ ወደቀበት። እየተንበረከከ በካፖርት መሃል በእጁ ዳበሰ፤ ሱፍ፣ የረጠበ ጓንት፣ የሰው ሻርፕ። ቀዩዋን ቦርሳ ሲያገኛት ዚፑ አልከፈት አለው፤ በጥርሱ ከፈተው።

ሲመለስ ሊን መሬት ላይ ተቀምጣ ሩቲን ጭኗ ላይ አስተኝታታለች። በበረዶ ውሃ በጨቀየው ወለል ላይ ነው የተቀመጠችው። ወደ ማድቤቱ በቻይንኛ ጮኸች፤ ባሏ እጁ ዱቄት እንደሆነ ስልክ ይዞ ወጣ። የሩቲ ትንፋሽ እንደ ፉጨት ይሰማል። ዓይኖቿ አብጠው ጠበዋል፤ ነገር ግን አባቷን ያያሉ።

ዓምሃ መርፌውን ከቱቦው አወጣ። ላዩ ላይ ጽሑፍ አለ፤ ፊደሎቹ ዓይኑ ላይ ተንቀጠቀጡ እንጂ አልነበብ አሉት። የቱ ነው የሚወጋው ጫፍ? ጥቁሩ? ግራጫው? የምሥራች ስታሳየው ምን ብላ ነበር? የሳቀው ሳቅ ብቻ ትዝ አለው። «እንዴት ነው? እመቤቴ፣ እንዴት ነው?» አለ።

ሩቲ መናገር አልቻለችም። እጇን አነሳችና የራሷን ጭን፣ ከጎን በኩል፣ መታ መታ አደረገች። ከዚያ ጣቷን ወደ ግራጫው ቆብ ቀሰረች።

ነቀለው። ጥቁሩን ጫፍ በወፍራሙ ሱሪዋ ላይ፣ ባሳየችው ቦታ ገፋው። ቀጭ አለ። ልጁ አላለቀሰችም። አለማልቀሷ ከሁሉ በላይ አስፈራው። መርፌውን እንደያዘ «በስመ አብ» ማለት ጀመረ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ቃል አጣው፤ ያንኑ ደጋገመ።

«እንዳታስነሷት ይላሉ!» አለ የሊን ባል ስልኩን ጆሮው ላይ አጣብቆ። «እየመጡ ነው ይላሉ!»

ጉሮሮውን ሲጠርግ የነበረው ሰውዬ በሩን ከፍቶ ውጭ ለአምቡላንሱ እጁን ሊያውለበልብ ቆሟል። ብርዱ ገባ። ዓምሃ የልጁን ከንፈር ብቻ ያያል፤ ቀለሙ እርሳስ መስሏል። አንድ ትንፋሽ ትስባለች፤ ሌላው ይመጣል አይመጣም ብሎ ይጠብቃል። ይመጣል። ደግሞ ይጠብቃል። ሊን በቻይንኛ ዝግ ብላ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ አንድ ነገር ታንጎራጉራለች።

ከዚያ ፉጨቱ ላላ። ሩቲ አፏን ከፈተችና አለቀሰች። ድምፅ ያለው፣ የተናደደ ለቅሶ ነበር። ዓምሃ በሕይወቱ እንደዚያ የሚጣፍጥ ለቅሶ ሰምቶ አያውቅም።

በአምቡላንስ ሆስፒታል ሲደርሱ ሌላ መድኃኒት ሰጧት፤ አድራ እንድትታይ ወሰኑ። ወጣት ሐኪም ዓምሃን ወደ ጎን ጠርታ ጠየቀችው።

«አለርጂዋን ታውቃለህ። ሱቁ ውስጥ ጠይቀህ ነበር?»

ዓምሃ በዚያች ቅጽበት ያሰበው ስለ ባርነቫርን፣ ልጅን ከወላጅ መውሰድ ስለሚችለው የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነበር። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ሲወራ የሰማው ሁሉ፣ ልጆቹን ስለወሰዱበት ሰው፣ ደጅ ቆማ ስላለቀሰች እናት፣ እውነቱም ውሸቱም ባንዴ መጣበት። አፉ ከልቡ ቀደመ።

«ጠይቄያለሁ። የለበትም አሉኝ።»

መጠየቁስ ጠይቋል፤ የለበትምም ተብሏል፤ ግን ስለ አሳማ ነበር። ውሸቱ ከእውነት ጋር ተሰፍቶ ስለነበር ሲወጣ አልከበደውም። የከበደው ሐኪሟ ስትመልስለት ነው።

«እንዲያ ከሆነማ ከባድ ጥፋት ነው። ምግብ ለሚቆጣጠሩት ማሳወቅ አለብን። እንዲህ ያለ ሱቅ ክፍት መቆየት የለበትም።»

የምሥራች የአረጋውያን ቤት የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ፣ ላዩ ላይ ካፖርት ጣል አድርጋ ደረሰች። ዓምሃን አላየችውም። ቀጥታ ገብታ ጉንጯን የልጇ ጉንጭ ላይ አሳርፋ ቆየች። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

«መርፌውን ማን ወጋት?»

«እኔ።»

ፊቷ ላይ አንድ ነገር ረገብ ሊል ነበር፤ መልሳ አጠበቀችው። «ጠይቀህ ነበር?»

ያንኑ ቃል ሊደግመው አፉን ከፈተ። ወለሉ ላይ የተቀመጠችው ሴት፣ በጭቃ ውሃ የረጠበ ቀሚሷ፣ ያ ማንጎራጎሯ መጣበት።

«ስለ አሳማ ነው የጠየቅኩት።»

«ምን?»

«አሳማ አለበት ወይ ብዬ ነው። ስለ ኦቾሎኒው አልጠየቅኩም። ለሐኪሟ ግን ዋሸሁ። የለበትም አሉኝ አልኳት።»

የምሥራች ሳቀች፤ ደስታ የሌለው፣ ሰውን የሚያቆስል አጭር ሳቅ። «ስለ አሳማ!» አለች። ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ዓይኗን ጨፈነች። «ሂድና እውነቱን ንገራት» አለችው።

«ልጄን ይወስዱብኛል፣ የምሥራች።»

«ልጃችን ልትወሰድብን የነበረችው ዛሬ ቀትር ላይ ነው። ሂድ።»

ሄደ። ሐኪሟን ሌላ በሽተኛ ጋ አግኝቶ ደጅ ቆሞ ጠበቃት። እስክትወጣ ድረስ ሁለት ጊዜ ሊመለስ አስቦ ነበር። ሁሉንም ነገራት።

«ሰዎቹ ምንም አላጠፉም» አለ በመጨረሻ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የሚጻፍ ነገር ካለ በእኔ ስም ይጻፍ።»

«ሰው ይሳሳታል» አለችው። «ለስሕተት ብለን ልጅ አንወስድም። መርፌውን በጊዜው ወግተሃል። ውሸቱ ግን ሌላ ሰው ይጎዳ ነበር።» ከዚያ ከመሳቢያ ውስጥ የመርፌውን መለማመጃ፣ ሹል የሌለበትን ቱቦ አወጣችና የገዛ ጭኑ ላይ እንዲወጋ አዘዘችው። ሲሳሳት አስደገመችው። ጎልማሳው ሹፌር እንደ ተማሪ ቆቡን እየነቀለ፣ ጫፉን እየገፋ ተለማመደ።

በሳምንቱ፣ ከሥራ እንደወጣ፣ ብቻውን ኬክ ቤቱ ሄደ። ምስጋና ሊያቀርብ ያዘጋጀው ኖርዌይኛ ምላሱ ላይ ነበር። ሊን ስታየው እጇ ላይ ያለውን ትሪ አስቀመጠች።

«ልጅቱ?»

«ደህና ናት። ትምህርት ቤት ገብታለች።»

«ለምን አልጠየቅክም?» አለች። ድምፅዋ እየጨመረ ሄደ። «አሳማ፣ አሳማ፣ አሳማ! ለምን አልጠየቅክም? እኔ አልተኛሁም! በየሌሊቱ ልጅቱን አያለሁ!»

ዓምሃ ያዘጋጀው ቃል ሁሉ ጠፋበት። «ይቅርታ» አለ ብቻ። ሰው እየሰማ ነበር፤ በዚያን ቀን ግን ሰው መስማቱ ግድ አልሰጠውም። ሊን ፊቷን በመደረቢያዋ ጠርጋ ወደ ማድቤት ገባች፤ አልተመለሰችም። ባሏ ወጥቶ ዓምሃን እስከ በሩ ሸኘውና በሁለት እጁ ጨበጠው። ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ቤት የሚገባ ሁሉ፣ ገና ሳይመርጥ፣ አለርጂ አለህ ወይ ተብሎ ይጠየቅ ጀመር። አንዳንዱ ይሰለቻል፤ ሊን ግን አትተውም።

የምሥራች ደግሞ ለባርነቫርንም ለማንም አልተናገረችም፤ ይቅርም አላለችውም። «ከእንግዲህ ልታያት ከፈለግክ እኔ ባለሁበት» አለች። ዓምሃ አልተከራከረም። ክረምቱ አልፎ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ቅዳሜ ሲደርስ በባቡር ቫይትቬት እየሄደ፣ የቀድሞ ሚስቱ ሶፋ ላይ እንደ እንግዳ ጫፉ ላይ ተቀምጦ፣ ከሩቲ ጋር ካርታ ይጫወት ነበር። የምሥራች ማድቤት ሆና ትሰማቸዋለች። እሱም እንደምትሰማ ያውቃል፤ ሲስቅ እንኳ ሳቁን ይመጥናል።

ግንቦት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጧት ስልኩ ጮኸ። «ሥራ ቦታ ሰው ቀርቶ ጠርተውኛል» አለች የምሥራች። ቀጥላም፣ «መጥተህ ትቆይላት?»

ሲደርስ ጫማዋን እያሰረች ነበር። እንደ ድሮው «ታውቃለህ አይደል?» ብላ ትጠይቀኛለች ብሎ መልሱን አዘጋጅቶ ቆመ። አልጠየቀችውም። «ምሳ ፍሪጅ ውስጥ አለ» ብላ ወጣች። ዓምሃ መስኮቱ ጋ ሄዶ ቁልቁል ተመለከታት። ወደ ጣቢያው በፍጥነት ትራመዳለች፤ መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ቆም አለች፤ የሚመለስ ሰው መሰለች። ከዚያ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ታጠፈች።

«አባዬ፣ ተራህ ነው» አለች ሩቲ ካርታውን አድላ፣ ከወለሉ ላይ።