ሰኞ ዝግ የሆነው ሠዓሊ

ያን ቀን ሰማዩ ልዝነብ አልዝነብ እያለ ያመነታ ነበር። ጠዋት ጠቆረ፣ ረፋዱ ላይ ፈካ፣ ደግሞ መልሶ ጠቆረ። ልብስ አሰጣሁ፣ አነሳሁ፣ መልሼ አሰጣሁ፣ መልሼ አነሳሁ። በመጨረሻ እርጥቡን ልብስ ወንበር ላይ ከምሬ "ይሄም እንደ ወንድሜ ነው" ብዬ ተቀመጥኩ።

ታናሽ ወንድሜ ሠዓሊ ነው። የሚያኖረው ግን የታፔላ ሥራ ነው፤ ለሱቁ፣ ለጋራዡ፣ ለጥርስ ሐኪሙ ታፔላ ይጽፋል። የሰፈሩ ሰው "ነገ" ብሎ ነው የሚጠራው፤ ምን ቢጠይቁት መልሱ "ነገ" ስለሆነ። ስሙን ያወጡለት ጎረቤቶች ናቸው። እኔ ብሆን የባሰ ነበር የማወጣለት።

ከእማዬ ጋር ሦስት ሆነን በሁለት ክፍል እንኖራለን። በአንደኛው እኔና እማዬ እንተኛለን። ሁለተኛው ውስጥ የእኔ የስፌት መኪና፣ የሱ አልጋ፣ የቀለም ቆርቆሮዎቹና ትልቁ ሥዕል አሉ። ትልቁ ሥዕል ማለት እማዬ ናት፤ መንገድ ላይ ስትራመድ፣ ከራሷ ቁመት በላይ ሆና። ሸራው ከግድግዳችን ይበልጣል። ስለዚህ ላይኛውን ሲሥል ታችኛውን ጠቅልሎ አልጋ ሥር ይከተዋል፤ ታችኛውን ሲሥል ላይኛውን ጠቅልሎ ኮርኒሱ ላይ በገመድ ያስረዋል። ስንት ዓመት እንዲህ ሲሠራ ሙሉውን አንድ ቀን አይቶት አያውቅም።

"ደጅ አውጥተህ እየው" አልኩት አንዴ።

"ያላለቀ ሥዕል ለጎረቤት አላሳይም።"

"ጨርሰህ አሳያቸዋ።"

"ሳላየው እንዴት ልጨርሰው፣ እትዬ?"

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አላነሳሁበትም። ሰው ጉልበቱን መቆጠብ አለበት።

በሌላ ከተማ፣ ሐይቅ ዳር፣ ለሠዓሊዎች መኝታና ሰፊ አዳራሽ ለጥቂት ወራት በነጻ የሚሰጥ አንድ ድርጅት አለ። ወንድሜ የአዳራሹን ፎቶ ከመጽሔት ቀዶ አልጋው ራስጌ ለጥፎታል። ፎቶው ላይ የሚታየው ባዶ ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው። የሌላው ሰው ወንድም የቆንጆ ሴት ፎቶ ይለጥፋል፤ የእኔው ግድግዳ ላይ ግድግዳ ለጠፈ። ተኝቶ ሲያየው ዓይኑ እንባ የሚያቀርርበት ጊዜ አለ፤ አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ።

እዚያ ለመግባት ማመልከቻ ማስገባት ነው። የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፤ ማን ነህ፣ ምን ትሠራለህ፣ ቦታችንን ለምን ፈለግከው። ካቻምና ነገ ነገ ሲል አለፈው። አምናም እንዲሁ። ዘንድሮ ካመለጠው ደግሞ ለከርሞ ዕድሜው አይፈቅድለትም፤ ደንባቸው ነው። የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ደግሞ ያ ሰማዩ ያመነታበት ቀን ነበር።

ሰው ከሥራ ሲሸሽ እንዴት ታታሪ እንደሚሆን ያወቅሁት በወንድሜ ነው። ማለዳ ተነስቶ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስተካክሎ አስቀመጠ። ከዚያ እርሳሱን ቀረጸ። ያለውን እርሳስ ሁሉ ቀርጾ ቀርጾ የአውራ ጣት ቁመት አደረሰው። ብሩሾቹን አጠበ። ብሩሹ ሲያልቅ የስፌት መኪናዬን ዘይት ቀባ፣ ሳላዝዘው። ከዚያ ምንም ያልሆነውን የእማዬን ወንበር "ላጠናክረው" ብሎ ገልብጦ መታ መታ አደረገው፤ ወንበሩ እስከ ዛሬ ይወላገዳል።

"ምነው አትጽፍም?" አልኩት።

"እያሰብኩ ነው። 'ማን ነህ' ቀላል ጥያቄ መሰለሽ?"

እማዬ በተከፈተው በር በኩል ከአልጋዋ ላይ "የእኔ ልጅ ነኝ በላቸዋ!" አለች። "ደግሞ አልገባኝም። ለወራት ቤት ዘግተው ሥዕል የሚያስሉት ምን አጥፍቶ ነው?"

"እስር ቤት አይደለም እኮ፣ እማዬ።"

"ምግብ ይሰጣሉ?"

"ይሰጣሉ።"

"መኝታስ?"

"ይሰጣሉ።"

"በነጻ?"

"አዎ።"

"እስር ቤት ነው" አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

በዚህ መሃል መላጣው ገባ። መላጣው የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ነው፤ እንቁላል በመሰለ ራሱ ነው በሰው ፀጉር የሚፈርደው። ታፔላ ካዘዘ ሰንብቷል።

"ዛሬ ባዶ እጄን አልሄድም" ብሎ የእማዬ ወንበር ላይ ዘፍ ሲል ወንበሩ አጋደለ። "ኧረ ወንበሩ ጠጥቷል!"

ወንድሜ ከማመልከቻው የሚያመልጥበት ቀዳዳ ስላገኘ ፊቱ በራ። ላሜራውን አነሳ፣ ቀይ ቀለም ከፈተና ሳይለካ ሳያሰምር መጻፍ ጀመረ፤ የፀጉር ቤቱን ስም፣ የሚሠራውን ሥራ፣ ከታች መቀስ፣ ከመቀሱ ሥር ሁልጊዜ እንደሚያደርገው "ሰኞ ዝግ ነው"። መላጣው ራሱ ላይ ቆሞ "ፍጠን፣ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው" ይለዋል። የሰከንድ መፍዘዝ የለ።

ያኔ ነው ልብ ያልኩት። ወንድሜ ራሱ ላይ የቆመ ደንበኛ ካለ ሰው ነው።

"አንተ" አልኩት፣ "ይሄ ሰውዬ ማን እንደሆነ ለመጻፍ ምን ያህል አሰብክ?"

"ምን ማሰብ ያስፈልጋል? ታፔላ እኮ ነው።"

"እንግዲያው እኔም ታፔላ አዝዣለሁ። አሁኑኑ ነው የምፈልገው።"

"ላሜራ የለም።"

"የመላጣው ጀርባው ባዶ ነው።"

መላጣው "የማን ጀርባ?" ብሎ ዘሎ ተነሳ። የላሜራው እንደሆነ ሲገባው ሳቀ፤ ነገሩን ስነግረው ደግሞ እጅጌውን ሰበሰበ። "በል ነገ፣ እኔም እዚሁ ቆሜያለሁ። ካልጨረስክ ያንን ጎፈሬህን ነው የማነሳልህ፣ በደረቁ!"

ወንድሜ ብሩሹን ይዞ፣ ለደንበኛ ሁሉ እንደሚለው፣ "ምን ተብሎ ይጻፍ?" አለ።

"ሠዓሊ።"

ጻፈ።

"የእናቱን ሥዕል እየሠራ ነው።"

ጻፈ።

"ቦታውን የፈለገው..." ብዬ ተውኩት። ይሄ የእኔ አልነበረም።

እሱም ብሩሹን እንዳነሳ ቆመ። ቀይ ቀለም ከብሩሹ ጫፍ እግሩ ላይ ጠብ አለ። እማዬ እንኳ ዞራ ታየው ነበር። መላጣው አፉን ሊከፍት ሲል በክርኔ ጎሸምኩት። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ "ሥዕሌን ሙሉውን የማይበት ግድግዳ የለኝም" ብሎ ጻፈ።

ከቀለሙ ሽታ ይሁን እንጃ፣ አፍንጫዬን ጠረግሁ።

የማመልከቻው ደንብ "በፈለጋችሁት መልክ" ይል ስለነበር መላጣው ላሜራውን በስልኩ ፎቶ አነሳው። ሥዕሉንም ጨመርን፤ መጀመሪያ ላይኛውን ዘርግተን፣ ቀጥሎ ታችኛውን። ከመላጣው ስልክ ተላከ። ሦስታችንም ተነፈስን። ከዚያ ነው እማዬ ተነስታ መጥታ "ይሄ ከታች ያለው ምንድነው?" ያለችው።

አየን። ከዚያ ሁሉ ልብ የሚነካ ቃል ሥር፣ አንድ ሙሉ መቀስ፤ ከመቀሱም ሥር "ሰኞ ዝግ ነው"። እጁ ከልማዱ ነው የጻፈው።

ወንድሜ አልጋው ላይ ወድቆ ብርድ ልብሱን ተከናነበ። "አለቀልኝ! ፀጉር ቆራጭ መሰልኳቸው!"

"ፀጉር ቆራጭ ምን ይሆናል?" አለ መላጣው ተቀይሞ። "ደግሞስ መልሰን እንላክላ፣ ያለ መቀስ።"

"ነገ" አለ ወንድሜ ከብርድ ልብሱ ውስጥ። ያኔ ዝናቡ ለየለትና ዱብ ዱብ አለ።

መልሱ ሲቆይ ሁላችንም ተስፋ ቆረጥን። እኔስ ተስፋ መቁረጥ ስለምችልበት ብዙም አልከበደኝም። አንድ ቀን መላጣው ግማሽ ጺሙን የላጨውን ደንበኛ አስቀምጦ፣ ምላጩን በእጁ እንደያዘ እየሮጠ መጣ። መንገደኛው ግራና ቀኝ ይሸሽ ነበር። በሱ ስልክ ስለላክን የደወሉት ለሱ ነበር። አንዲት ሴት "ስለ ማመልከቻው ነው" ብትለው ደንበኛ መስላው "ለፀጉር ነው ለጺም?" አላት።

"ለሥዕል ነው። የሁለቱን ሴቶች ሥዕል በጣም ወደነዋል።"

"ሁለት? አንድ ናቸው እንጂ! እናቱ ናቸው።"

"ታፔላውንም ወደነዋል። ግን ሰኞ ለምን ዝግ ነው?"

መላጣው ምን ይበል? "እሱማ ሰኞ ንክች አያደርግም፣ ጥብቅ ነው" አላት። ሴትዮዋም የሠዓሊ ጠባይ መስሏት መዘገበችው። ወንድሜ ተቀባይነት አገኘ።

ሻንጣ ለመያዝም ነገ ነገ ሲል መላጣው ራሱ ላይ ቆሞ አስጠቀለለው። እማዬ ሽማግሌ እንደምትልክ፣ ካስፈለገም ዋስ እንደምትጠራለት ነግራ ሸኘችው።

እዚያ እንደ ደረሰ በነጋታው ደወለ። ሸራውን ከነሙሉ ቁመቱ ሰቅሎ፣ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። ድምፁ ልክ አልነበረም፤ እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ መለየት አቃተኝ።

"እትዬ፣ የእማዬ ፊት ወደ በሩ ነው የሚሄደው።"

"ጥሩ ነዋ።"

"እግሯ ወደ መስኮቱ ነው የሚሄደው።"

ለእማዬ ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና "ለካ ወገቤን የሚያመኝ ለዚህ ነው" አለች።

አሁን ወንድሜ ሐይቅ ዳር፣ በዚያ ነጭ ግድግዳ ፊት ቆሞ የእማዬን እግር ወደ በሩ እየመለሰ ነው። ጊዜው ሊያልቅበት ስለሆነ ለማራዘም አጭር ማመልከቻ ጻፍ ብለውት "ነገ" ብሏል፤ መላጣው ላሜራ እያፈላለገ ነው። ሰኞ ሰኞ ግን ማንም በሩን አያንኳኳም፤ እሱም አይሠራም።