እስክትደርሺ አትፍቺው

ከአገር የወጣሁ ዕለት ፍኖተ ሰላም አክስቴ ቤት አድረን ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ደረስን። እናቴ ከቡሬ ገጠር ድረስ ልትሸኘኝ መጥታለች። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ረዳቱ «ግቡ፣ ግቡ» እያለ ሲያጣድፈን፣ እሷ ደንታም ሳይሰጣት መቀነቷን ከራሷ ወገብ ፈታች። በሰው ሁሉ ፊት ሦስት ጊዜ አዙራ ወገቤን ጥፍንግ አድርጋ አሰረችኝ።

«ሆድ ሲባባ ወገብ ይላላል። እስክትደርሺ አትፍቺው» አለችኝ። በቃ፣ ሌላ ምክር የለም። የእናት ቃል ነውና ለመታጠብ ካልሆነ በቀር አልፈታሁትም።

ጀርመን የመጣሁት አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ልሠራ ነው። ሥራው ሰው ማንሳት ነው፤ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ። የዚህ አገር ሰው ደግሞ ረጅም ነው፣ ሲያረጅም አይቀንስም። አለቃዬ በፈገግታ «የሙከራ ጊዜሽ ስድስት ወር ነው፤ ወገብሽ ካልቻለ ግን አዝናለሁ» አለችኝ። እዚህ ሰው አዝናለሁ ካላችሁ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ሥራው ከሄደ ቪዛዬም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ልጠነክር ብዬ ጂም ገባሁ። የመጀመሪያ ቀን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሰዉ ከፍሎ ገብቶ ብረት ያነሳል፣ መልሶ እዚያው ያስቀምጠዋል። የቡሬ በርበሬ በጆንያ የተሸከመ ሰው ቢያንስ መኪና ላይ ይጭነዋል፤ እነዚህ የትም አያደርሱትም። ግን የልጅ ልጅ ያየች የምትመስል ሴትዮ ከኔ የሚከብድ ብረት ከመሬት አንስታ ቀጥ ስትል አየሁና ልቤ ተሰረቀ። ዴድሊፍት ይሉታል። እኔም በየሁለት ቀኑ እየሄድኩ፣ መቀነቴን ከልብሴ ሥር እንደታጠቅኩ፣ ኪሎውን ስጨምር ስጨምር ወገቤን ጀመረኝ። ከዚያ ወደ ዳሌዬ ወረደ። ካልሲ ለማጥለቅ እንኳ አልጋ ላይ መጋደም ግድ ሆነ።

ለማን ይነገራል? ወገቤን አመመኝ ማለት እኛ ዘንድ ሰነፍኩ እንደማለት ነው። ጥርሴን ነክሼ መቀነቱን ይበልጥ አጠበቅኩት። አንድ ምሽት ከሥሬ የሚኖረው አከራዬ በሩን አንኳኳ።

«አንዱ ኮቴ ከባድ ነው፣ አንዱ ቀላል። ሌላ ሰው አስገብተሻል? ውላችን ለአንድ ሰው ነው።»

«ብቻዬን ነኝ። እያነከስኩ ነው።»

አሰበና «ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ አታነክሺ» ብሎኝ ወረደ።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው ፊዚዮቴራፒስት የሚሏት የወገብና የጡንቻ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ ፀጉሯ ነጭ የሆነ፣ እጇ የሞቀ ሴት ናት። ሸሚዜን ገለጥ አድርጋ ቆመች።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«መቀነት።»

«በቀን ስንት ሰዓት ታስሪዋለሽ?»

«ከመጣሁ ጀምሮ።»

ሆዴ ላይ እጇን አድርጋ እስከዚህ ተንፍሺ አለችኝ። እምቢ አለኝ፤ ትንፋሼ ከደረቴ ነው የሚመለሰው። «የወገብሽን ሥራ ጨርቁ እየሠራልሽ ነው፤ የራስሽ ጡንቻ ተኝቷል። ጎንበስ የምትይውም ከጀርባሽ ነው እንጂ ከዳሌሽ አይደለም» አለችኝ። ከዚያ የመጥረጊያ እንጨት በጀርባዬ ቁመት አስደግፋ፣ እንጨቱ ከጀርባሽ ሳይለቅ ቂጥሽን ወደ ኋላ ግፊና እጠፊ አለችኝ። እጥፍ ስል እናቴ ታየችኝ። ምንጭ ዳር እንስራዋን አዝላ ስትነሣ ጀርባዋ እንደዚሁ ቀጥ ብሎ፣ ከዳሌዋ ብቻ ታጥፋ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን አጠገቧ ቆሜ አላየሁትም። ማን አስተማራት? እዚያው እንደታጠፍኩ እንባዬ መጣ፣ ሐኪሟ አሞኝ መስሏት ደነገጠች።

መቀነቱን ፍቺው ብላ ሸኘችኝ። አልፈታሁትም። ሳምንት ሙሉ አንዱን ሽማግሌ ሳነሳ ዓይኔ እየጨለመ፣ አለቃዬ በር ላይ ቆማ እያየችኝ ሠራሁ። ቢጨንቀኝ እሑድ ከሰዓት ደወልኩ።

«እማዬ፣ መቀነቱን ፍቺው አሉኝ።»

«እነማን?»

«ሐኪሟ። ወገቤን አሞኛል።»

«እስካሁን ታጥቀሽዋል እንዴ? እኔ እኮ ለመንገድ ነው ያሰርኩልሽ፣ ልጄ። እስክትደርሺ ነው ያልኩሽ። አልደረስሽም?»

ቤት አለኝ፣ ቁልፍ አለኝ፣ ስሜ የፖስታ ሣጥን ላይ ተጽፏል። ደርሻለሁ ማለት ግን አቃተኝ።

«ትንሽ ቀርቶኛል» አልኳት።

ትስቃለች ብዬ ነበር፣ አልሳቀችም። «እንግዲያው መንገደኛም ሲያድር ይፈታል» አለችኝ። «እኔስ እንስራዬን አውርጄ እንደታጠቅኩ አድሬ አውቃለሁ? በይ ፍቺ።»

ስልኩን ሳልዘጋ ፈታሁት። ወለሉ ላይ ተጋድሜ እግሬን ወንበር ላይ ሰቀልኩና ተነፈስኩ፤ ትንፋሼ ቀስ እያለ ሆዴ ድረስ ወረደ። ሕመሙ በአንድ ቀን አለቀ ብዬ አልዋሻችሁም። ቀላል ብረት ይዤ እንደ ጀማሪ ተመለስኩ፣ ከዳሌዬ መታጠፍ ተማርኩ። ወሩ ሲያልቅ ያንኑ ሽማግሌ አለቃዬ ፊት አነሳሁት። እሷም ውሉን ፈረመችልኝ።

መቀነቱ አሁን ትራሴ ሥር ነው። እናቴ በደወልኩ ቁጥር መጨረሻ ላይ «ደረስሽ?» ትለኛለች።

«ትንሽ ቀርቶኛል።»

«እሺ፣ ዛሬም ፈትተሽ እደሪ» ትለኛለች።