ኦቨን ውስጥ የወለደችው እሜቴ

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። የደወለችልኝ ማኅበራችን ውስጥ አዲስ የገባች ልጅ ናት፤ ከአዲስ አበባ ወደ ካምፓላ ከመጣች ዓመት አልሞላትም። ቅዳሜ ማኅበሩን የምደግሰው እኔ ነኝ። ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ፤ ስለ ዝናቡ አነሳች፤ ስለ መንገዱ ጭቃ አማረረች። ሰው እንዲህ ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድ እኔ አልቸኩልም፤ መጨረሻው ላይ ነገሩ ራሱ ይመጣል። መጣም።

«እትዬ ሂሩት፣ አይቀየሙኝና… ውሾቹን ለቅዳሜ ብቻ ሌላ ቦታ ቢያስቀምጧቸውስ? አንዳንዶቹ ቅር እንዳይላቸው ብዬ ነው።»

«አይሆንም» አልኳት።

አጭር ሆነባት መሰለኝ፣ ደነገጠች። በኋላ እደውልልሻለሁ ብዬ ዘጋሁት። ልጅቷ ምንም ጥፋት የለባትም። የጠየቀችኝ ጥያቄ ግን እሷ ገና ሕፃን ሳለች ተጠይቄ፣ ማድቤት ወለል ላይ ተቀምጬ የመለስኩት ጥያቄ ነው።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ኮሌጅ ገብቼ በሁለተኛው ዓመት አቋርጬ ቤት ተቀምጫለሁ። ጓደኞቼ አንዷ ኤምባሲ፣ አንዷ አየር መንገድ ገብተዋል፤ እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ «አሁን ምን እየሠራሽ ነው?» የሚለኝን ሰው ለማምለጥ በጓሮ በር እወጣለሁ። አባቴን ሥራው ወደ ሰሜን ስለሚወስደው ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የእኔና የእማዬ ብቻ ነበር። የተከራየነው ናሙዎንጎ የሚባል ሰፈር ነው፤ ከባቡር ሐዲዱ በላይ ካለው ዳገት። ከበራችን ላይ ሆኖ ቁልቁል ሲያዩት የቆርቆሮ ጣሪያ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ነው፤ ጠዋት ጠዋት የከሰል ጭስና ቻፓቲ የሚሉት የሚጠበስ ቂጣ ሽታ አብረው ወደ ላይ ይመጣሉ።

ከእኛ በፊት የነበሩት ተከራዮች ሲሄዱ ሁለት ነገር ጥለው ሄደዋል። አንደኛው ከቤቱ ጀርባ ባለው ማድቤት ውስጥ የቆመ፣ በሩ የወለቀ፣ የማይሠራ ትልቅ የብረት ኦቨን ነው። ሁለተኛዋ ቀይ ውሻ ናት። አካሄዷ የባላባት ሚስት ስለሚመስል እሜቴ አልኳት። በዚያው ማድቤት መሳቢያዎች ውስጥ ጠርዛቸው የተጣመመ የኬክ ቆርቆሮዎች፣ የእንጨት መዳመጫ፣ አንድ ጠርሙስ ደግሞ ሽታው ያልጠፋ ሄል አገኘሁ። ዕቃ ሳገላብጥ እሜቴ በሩ ላይ ተኝታ ታየኛለች። ሦስታችንም፣ ኦቨኑም እሷም እኔም፣ ሥራችን አልቆ የተቀመጥን ነበርን። እውነቱን ልናገርና እኔ ዳቦ መጋገር የጀመርኩት እጄ ሥራ ፈትቶ ልቤን ስለሚበላኝ ነው።

በዚያ ዘመን ካምፓላ ውስጥ መብራት በፈረቃ ነበር፤ ዛሬ ካለ ነገ የለም። ስለዚህ ሲጊሪ በሚሉት የከሰል ምድጃ ላይ ትልቅ ድስት እጥዳለሁ፤ ውስጡን ማቶኬ ከሚሉት ሙዝ በተቆረጠ፣ በዘይት በታሸ ኮባ አለብሳለሁ፤ ሊጡን ገልብጬ በሌላ ኮባ ከሸፈንኩ በኋላ ቆርቆሮ እከድንና ቆርቆሮው ላይ ፍም እደረድራለሁ። አገር ቤት ኮባ ፍለጋ ሰፈር ለሰፈር ይዞራል፤ እዚህ ከጓሮ መቁረጥ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ዳቦዎች ድንጋይ ነበሩ። እሜቴ በላቻቸው። ሰባተኛው ላይ ጥቁር አዝሙዱና ሄሉ ሲሸቱ እማዬ ከመኝታ ቤቷ ወጥታ «ማን መጣ?» አለች፤ እንግዳ የጋገረው መስሏት።

ከዚያ ወዲያ ለቤተ ክርስቲያን መጋገር ጀመርኩ። አንድ እሑድ ዳቦዬ ሲቆረስ እትዬ ዘነበች ጠሩኝ። የእማዬ የጽዋ ማኅበር መሪ ናቸው፤ ቃላቸው መሬት ጠብ አይልም። «ልጄ፣ በዚህ መብራት በጠፋበት ጊዜ ይህን የመሰለ ዳቦ በምን ጋገርሽው?» አሉኝ። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው ያዩኛል። በከሰል ልበል? ጓደኞቼ ቢሮ ሲገቡ እኔ ጥላሸት ለብሼ ፍም ስነፋ ታየኝና «ኦቨን አለን» አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ አለን። እሳቸው «በጋዝ የሚሠራው ነዋ!» ብለው ራሳቸው ጨረሱልኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። በዚያች ዝምታ ሁለት ዓመት ተሞገስኩባት።

የኅዳር ጽዮን ድግስ ለእማዬ ደረሳት። አሥራ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ትልቁ በዓል ሲደርሳት የመጀመሪያዋ ነው። ከተማው ውስጥ ገና እንደ መጤ ስለምትታይ፣ ያ ቀን ለእሷ ከሰው የምትቆጠርበት ቀን ነበር። መጋረጃ አጠበች፤ ብርጭቆ ተበደረች። ድግሱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እሜቴ ኦቨኑ ውስጥ ገብታ አራት ወለደች።

በዓሉ ሐሙስ ነበር የሚውለው፤ ሰኞ ዕለት እትዬ ዘነበች ሊያግዙ መጡ። «እስቲ ያን ኦቨን አሳዪኝ» ብለው መልሴን ሳይጠብቁ ማድቤት ገቡ። ሽንኩርቱን እንደያዝኩ ተከተልኳቸው። ነጠላቸውን ሰብስበው ጎንበስ ሲሉ እሜቴ ከነቡችሎቿ ቀና ብላ አየቻቸው። እንግዳ ስለምትወድ ጅራቷን ብረቱ ላይ ታንኳኳ ጀመር።

«ኧረ በስመ አብ! ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ውሻ ከሚወልድበት ነው ስንበላ የኖርነው!»

«እትዬ፣ እዚህ ውስጥ ጋግሬ አላውቅም። አይሠራም እኮ።»

«አንቺው አይደለሽ እንዴ ኦቨን ያልሽን?»

እጄ ላይ ሽንኩርቱ አለ፤ ዓይኔ ቢያነባም ሰበብ ነበረኝ። እሳቸው ተከትላን ወደ ገባችው እማዬ ዞረው ፈረዱ። ውሾቹ እስከ ረቡዕ ይወጣሉ፤ ማድቤቱ ጠበል ይረጫል፤ የበዓሉን ዳቦ እሳቸው ከሱቅ ያመጣሉ። «አስካለ፣ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» አሏት። «ዛሬ ማድቤት ካስገባሽ ነገ መሶቡ ላይ ታገኚዋለሽ።» ከመምሸቱ በፊት አሥራ ሁለቱም ሴቶች በስልክ ሰምተው ጨርሰው ነበር።

እማዬ አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ሂሩትዬ» አለችኝ፣ «ለአንድ ውሻ ብለሽ ከሰው ታጣይኛለሽ? ለእኔ ስትዪ።»

አሳዘነችኝ። ግን ቡችሎቹ ዓይናቸውን የገለጡት በዚያው ጠዋት ነው፤ ከእናታቸው ጋር ተነስተው የትም ቢጣሉ እንደማይተርፉ አውቃለሁ። «እማዬ፣ ስለ ኦቨኑ ዋሽቻለሁ። እሱን ሐሙስ በሁሉም ፊት እናገራለሁ። እሜቴ ግን አልዋሸችም፤ የትም አትሄድም» አልኳት።

በማግስቱ እማዬ ለመጨረሻ ጊዜ ሞከረች። በራችን ላይ ሮሌክስ የሚሉትን፣ በቻፓቲ የሚጠቀለል እንቁላል የሚጠብሰውን ሙሳን፣ ውሾቹን እስከ ዓርብ እንዲያቆይላት ለመነችው። ሙሳ እንቁላሉን እየመታ «ማማ፣ ለእኛም እኮ አይሆንም፣ ሐራም ነው» ብሎ ሳቀ። እማዬም ሳትወድ በግዷ ሳቀች። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በእሜቴ ላይ ተስማምተው ነበር።

ረቡዕ የእትዬ ዘነበች ሾፌር ጆንያ ይዞ መጣ። ፖርት ቤል ሐይቁ ዳር እተዋቸዋለሁ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ዘንድ የሚበላ አያጡም አለኝ። ኦቨኑ አፍ ላይ፣ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አልኩ። እሜቴ ከኋላዬ ጀርባዬን ታሸታለች።

«ሲስተር፣ እኔ የተላክሁ ሰው ነኝ» አለኝ።

«አውቃለሁ። እንግዲያው እኔንም ጆንያው ውስጥ ጨምረህ ውሰደኝ።»

እየቀለድኩ እንደሆነ ለማወቅ ፊቴን አየ። ቀልድ አልነበረም። በሕይወቴ ብዙ ነገር ጀምሬ ተውኩ፤ ኮሌጁን ተውኩ፣ ጓደኞቼን ተውኩ፣ ስጠየቅ አንገቴን ደፋሁ። ያን ቀን ግን አልነሣም አልኩ። ሰውየው ጆንያውን አጣጥፎ ብብቱ ሥር ከተተና ሄደ። ቀና ስል እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። ዞራ ወደ ቤት ገባች።

ሐሙስ ሲነጋ ሲጊሪውን ከማድቤት አውጥቼ ግቢው መሃል አስቀመጥኩት። ሴቶቹ ከቅዳሴ በኋላ ነጭ በነጭ ለብሰው ሲመጡ ሊጡ ገና አልተጣደም፤ ሆን ብዬ ነው ያቆየሁት። በረንዳው ላይ ተደርድረው ቆሙ። የማድቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እሜቴ ከነልጆቿ ለሁሉም ትታያለች።

«ዋሽቻችኋለሁ» አልኳቸው። «ኦቨኑ እኛ ከመጣን ጀምሮ ሠርቶ አያውቅም። ስትበሉ የኖራችሁት በከሰል የተጋገረ ነው። በከሰል ማለት አፍሬ ነው። አሁን በፊታችሁ እጋግራለሁ፤ ያላመነ ይይ። ውሻዋ ግን አትወጣም።»

ሊጡን ኮባው ላይ ገለበጥኩ፤ ከደንኩ፤ ፍሙን ከላይ ደረደርኩ። የካምፓላ ሰማይ ደግሞ ሰው ማሳፈር ያውቅበታል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዝናቡ ወረደ። ሴቶቹ ወደ ውስጥ ሸሹ። ከአጥሩ ሥር አንድ የጣሪያ ቆርቆሮ አንስቼ እሳቱ ላይ ዘረጋሁት፤ ግን ረጅም ነው፣ በአንድ ጫፍ ብቻ ሲይዙት ይወድቃል። ጠብታ ፍሙ ላይ ሲያርፍ ትስስ ይላል። ዓይኔን ጭሱ ይዞታል፣ እጄ ዝሏል፤ አንዷ እንኳ ብቅ አላለችም። በቃ፣ አለቀ፣ ይህንንም ልተወው ነው ብዬ ሳስብ ቆርቆሮው ድንገት ቀለለኝ።

እማዬ ናት። ለበዓሉ ያሰፋችውን ቀሚስ እንደለበሰች፣ ጭቃው ውስጥ ቆማ ሌላውን ጫፍ ይዛለች።

«ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት አንሶን፣ አሁን ደግሞ ዝናብ» አለች ተቆጥታ። በማን እንደተቆጣች አላወቅሁም። «ቀና አርጊው፤ ወደ እኔ እየፈሰሰ ነው።»

ዳቦው እስኪበስል እንዲያ ቆምን።

ቄሱ ሲመጡ ጠረጴዛው ላይ የእትዬ ዘነበች የሱቅ ዳቦ ተቀምጦ ነበር። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቃሉ። እማዬ ከእግሯ እስከ ጉልበቷ በጭቃ እንደተለወሰች ገባች፤ የሱቁን ዳቦ ቀስ ብላ አንስታ ወንበር ላይ አኖረችውና የእኔን ድፎ፣ እንፋሎቱ ገና እየወጣ፣ በቦታው አስቀመጠች።

«እትዬ ዘነበች፣ አክባሪዎ ነኝ» አለች። «በቤቴ ግን የሚቆረሰው የልጄ ዳቦ ነው።»

ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። «ውሻዋ ነክታዋለች?»

«አልነካችውም፣ አባ።»

«ትወጣለች?»

«አትወጣም።»

ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ከዚያ ባርከው ቆረሱት። ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱ በሉ። እትዬ ዘነበች ጸሎቱ እስኪያበቃ ቆመው፣ መስቀል ተሳልመው ሄዱ፤ ዳቧቸውን ወንበሩ ላይ ትተውት። ማታ ለእሜቴ ሰጠኋት። አሽትታ ትታው ሄደች ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ውሻ ናት፣ ጥርግ አድርጋ በላችው።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ሁለት ሴቶች ማኅበሩን ለቀቁ፤ እማዬንም ለብዙ ጊዜ ሰላም የማይሏት ነበሩ፤ ከፍላበታለች። እሜቴን እስከ መጨረሻው በእጇ ነክታት አታውቅም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ «ውሻሽ» ማለት ተወች። ጠዋት ጠዋት በመስኮት ብቅ ብላ «እሜቴ በልታለች?» ትለኛለች።

እማዬ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆነ፤ በማኅበሩ በእሷ ቦታ የገባሁት እኔ ነኝ። አሁን ግቢዬ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ውሾች የእሜቴ የልጅ ልጅ ልጆች ናቸው። ኤሌክትሪክ ኦቨን አለኝ፣ ይሠራልም፤ የማኅበሩን ድፎ ግን ግቢ ውስጥ፣ በከሰል ነው የምጋግረው። እትዬ ዘነበችም በጤና አሉ፤ በምርኩዝ ይመጣሉ፣ ጉንጬን ይስሙኛል፣ ዳቦዬን ግን እስከ ዛሬ በአፋቸው አላደረጉም። አከብራቸዋለሁ። ይህን ያህል ዘመን በአንድ ቃል መቆም ምን እንደሚያስከፍል ከእኔ በላይ የሚያውቅላቸው የለም።

ያን ማክሰኞ ማታ ለልጅቷ መልሼ ደወልኩላት።

«ውሾቹ ቅዳሜ እዚሁ ናቸው» አልኳት። «ቅር የሚለው አይብላ፤ አልቀየመውም። አንቺ ግን ቀደም ብለሽ ነይ።»

«ምን ላግዝዎት፣ እትዬ?»

በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ደመናው ከሐይቁ በኩል እየመጣ ነበር፤ ያ ረጅሙ ቆርቆሮ አጥሩ ላይ ተደግፏል።

«ዝናብ መምጣቱ አይቀርም» አልኳት። «የቆርቆሮውን ሌላ ጫፍ የሚይዝልኝ ሰው የለኝም።»