የብርቱካን ደብተር

ይህ ታሪክ መነገር ይገባዋል ወይ? እኔ እንጃ። ሰው አልሞተበትም፣ ቤት አልፈረሰበትም። ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩትም፤ ዝም ባልኩ ቁጥር ደግሞ መቀመጫ ያሳጣኛል።

እኔ ሶዶ ውስጥ «ደራሲው» የምባለው ልጅ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ለወጣቶች የሚሆን ልብ ወለድ አሳትሜያለሁ። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ስገባ መምህራችን ከመቀመጫዬ አስነስቶ አስጨበጨበልኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ።

መጽሐፉ የታመመ አባቷን ባጃጅ፣ ኮፍያ አጥልቃ፣ በድብቅ ስለምትነዳ ልጅ ነው። የጻፈችው ብርቱካን ናት፤ የቦዲቲ ልጅ፣ ሶዶ ስትማር አጠገቤ የምትቀመጥ ጓደኛዬ። በሒሳብ ደብተር፣ በወላይትኛ ነበር የጻፈችው። «አማርኛህ ጥሩ ነው፤ መልስልኝና አብረን እናሳትመው» ብላ ሰጠችኝ።

መለስኩት። ሽፋኑ ላይ ግን የእኔን ስም ብቻ አወጣሁ። እኔ ነኝ ያደረግኩት፤ ማተሚያ ቤቱ አልተሳሳተም። ለራሴ ምን አልኩ? «አማርኛው በሙሉ የእኔ አይደለም እንዴ?» አልኩ። ቤት ውስጥ የምንነጋገርበት ወላይትኛ ለጨዋታ እንጂ ለመጽሐፍ የሚሆን አይመስለኝም ነበር። በእናቴ ቋንቋ የተጻፈውን እንዳልተጻፈ ቆጠርኩት። ሳላውቅ ነው? ባላውቅማ ደብተሩን ሻንጣዬ ሥር ለምን ደበቅኩት?

መጽሐፉ ሲወጣ አንድ ጊዜ ደወለች። «ባጃጇ እኮ የአባቴ ናት» አለችኝና ዘጋችው።

ጭብጨባው ከጆሮዬ አልወጣ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ደብተሩን ይዤ ቦዲቲ ሄድኩ። ብርቱካን በእናቷ ሱቅ ውስጥ ስኳር ትመዝናለች።

«ኧረ ደራሲው! ሁለተኛውን ማን ይጻፍልኝ ብለህ መጣህ?»

ደብተሩን ዘረጋሁላት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ገለጠችው፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በወላይትኛ ማንበብ ጀመረች። ልጅቷ፣ አክስቷ ስትሳፈር እንዳትታወቅ፣ ድምፅዋን የምታወፍርበት ገጽ ላይ ስትደርስ፣ በሩ ላይ የቆሙት ገበያተኞች በሳቅ ፈነዱ። እኔ በመለስኩት አማርኛ እዚያ ገጽ ላይ የሳቀ ሰው አይቼ አላውቅም።

«ለክፍልህ ልጆች ንገራቸው፤ ከዚያ እናወራለን» አለችኝ።

ይኸው ነገርኳችሁ። ያጨበጨባችሁት ለእሷ ነው። ይቅርታውን ከእናንተ አልጠይቅም፤ የምትሰጠውም የምትከለክለውም እሷ ናት። ደብተሩ ከእጄ ወጥቶ ወደ ባለቤቱ የተመለሰው የካቲት 7 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው።