ለአራስ የማይነገር

አባቴ ቴፒ ከተቀበረ ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር፤ ታናሽ እህቴ ግን አልሰማችም። አራስ ናት። ለአራስ መርዶ አይነገርም፤ ወተቷ ይደርቃል፣ ትታመማለች ይባላል። ስለዚህ ዘመድ አዝማድ ተማክሮ እስከ ሕፃኑ ክርስትና ድረስ ይቆይ አለ። ባሏ ያውቃል፣ ጎረቤቱ ያውቃል፣ የማታውቀው እሷና ልጆቿ ብቻ ናቸው። "አንቺ ጠንካራ ነሽ" ብለው እኔን እሷ ወዳለችበት ሚዛን ከተማ ላኩኝና አጠገቧ አስቀመጡኝ። ጠንካራ አልነበርኩም፤ የማለቅስበት ቦታ ነው ያጣሁት። ለቅሶው ላይ እንኳ እንግዳ ስቀበልና ምስጢሩ እንዳይወጣ ሰው ሳስጠነቅቅ በወጉ ሳላለቅስ ቀርቻለሁ።

ብቻዬን ስወጣ ጎረቤት ቤት ገብቼ ጥቁሬን እለብሳለሁ፤ ስመለስ እዚያው አውልቄ ባለአበባ ሻሽ አስሬ እገባለሁ። ገንፎ አገነፋለሁ፣ ጠያቂ አስተናግዳለሁ፣ እስቃለሁ። እህቴ "አባባ ምነው ስልክ አያነሳም?" ስትለኝ "ኔትወርክ ነው" እላለሁ። ምስኪኑን የቴፒ ኔትወርክ እንደዚያ ሰሞን ሰድቤው አላውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ አላባራ አለ። የእህቴ ትልልቆቹ ልጆች፣ የሰባት ዓመቷ ልጅና የአራት ዓመት ወንድሟ፣ ቤቱን በጩኸት አናወጡት። ሕፃኑ እየባነነ ያለቅሳል። "እባክሽ አንድ ቦታ ውሰጂልኝ" አለችኝ እህቴ።

አዲስ ወደተከፈተው የልጆች መጫወቻ ቤት ወሰድኳቸው። ድሮ የቡና መጋዘን ነበር። አሁን ወለሉ ስፖንጅ ለብሷል፣ ግድግዳው ላይ አንበሳና ቢራቢሮ ተስሎበታል፣ መሃሉ ላይ ደግሞ መረብ፣ ዋሻና ሸርተቴ የሞላበት ባለሦስት ፎቅ ጉድ ቆሟል። ዝናብ ሲመጣ ግን አሁንም ጆንያ ጆንያ ይሸታል።

ትንሹ ብቻውን ፈራ። "አክስቴ፣ አንቺም ግቢ!" እያለ ቀሚሴን ጎተተኝ። ካልሲ ያላደረገ አይገባም ተባልኩና በሩ ላይ ገዝቼ አጠለቅሁ። በዚህ ዕድሜዬ በፕላስቲክ ዋሻ ውስጥ እየዳህኩ አለፍኩ፤ ጉልበቴ ይንቋቋል። ኳስ የተሞላው ገንዳ ውስጥ ስወድቅ መነሳት አቃተኝ። እውነቱን ለመናገር መነሳትም አልፈለግኩም። ልጆቹ እየሳቁ ኳሱን ይከምሩብኛል፣ እኔ ዝም ብዬ የቆርቆሮውን ጣሪያ አያለሁ። በጣም ደክሞኝ ነበር።

ትንሹ ሲለምድልኝ ወጥቼ አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። ወዲያው አንዲት የቴፒ ሴት፣ የቡና ነጋዴ ሚስት፣ ልጆቿን ይዛ ገባች። ስታየኝ ፊቷ ተለወጠ። እኛ ጋ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ሐዘንተኛውን ሲያገኝ ሳያጽናና አያልፍም፤ ገበያ መሃልም ቢሆን፣ ሚኒባስ ውስጥም ቢሆን። ማለፍ ነውር ነው። ዓይኔን አፈጠጥኩባት፣ ራሴን ነቀነቅኩባት። እሷ ግን ሐዘኑ ብሶብኝ መሰላት። እቅፍ አደረገችኝና "እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ! አባትሽን ሳልቀብር ቀረሁ። ነፍሳቸውን ይማር! ጨክኜ እንዳይመስልሽ" አለች፣ ሙዚቃውን ለመብለጥ እየጮኸች።

በትከሻዋ በኩል የእህቴን ሴት ልጅ ፊት አየሁት። ከዋሻው አፍ ብቅ ብላ ትሰማን ነበር። ከዚያ ወደ ውስጥ ተመለሰች።

ሴትዮዋን ትቼ ተከተልኳት። መረቡን እየቧጠጥኩ ወጣሁ፤ እግሬ በካልሲው ይንሸራተታል። ሦስተኛው ፎቅ ጥግ ላይ ኩርምት ብላ አገኘኋት።

"አባባ ሞተ?" አለችኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ግን አቅም አልነበረኝም። "ሞተ" አልኳት።

"እማዬስ ታውቃለች?"

"አታውቅም። ከክርስትናው በኋላ ይነገራታል። አሁን ከሰማች ትታመማለች።"

"እስከዚያ እኔም አላለቅስም ማለት ነው?"

ይህን የሰባት ዓመት ልጅ ስትጠይቀኝ አፈርኩ። የእኔን ሸክም አንስቼ ለእሷ እያሸከምኳት ነበር፤ ሌላ ማድረግ የምችለው ግን አልታየኝም። "እዚህ አልቅሺ" አልኳት። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ አንገቴን አጎንብሼ፣ በዚያ ጠባብ ቦታ፣ ንፍጤን በሻሼ እየጠረግኩ። ታች ሙዚቃው ስለሚጮህ ማንም አልሰማንም። በመጨረሻ ትንሹ ከታች ስማችንን መጥራት ሲጀምር ፊታችንን አብሰን በሸርተቴው ወረድን።

ቤት ስንገባ እህቴ አልጋዋ ላይ ሆና ታጠባለች። ልጇን አየቻትና "ዓይንሽ ምን ሆነ?" አለቻት።

ልጅቷ ወደ እኔ እንኳ አልዞረችም። "ወድቄ ነው፣ ጉልበቴን አመመኝ" አለች።

እህቴ ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ምንም ያልሆነውን ጉልበቷን ሳመችላት። "አይዞሽ የኔ እናት፣ አባባ ለክርስትናው ሲመጣ ትነግሪዋለሽ።"

"እሺ" አለች ልጅቷ። ከእኔ አሳምራ ዋሸች።