የነጣው ሱፍ

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ባለቤቴ ሳይሰማው ዐረፈ፤ ነፍሱን ይማር። የንስሐ አባቴ በየጾሙ መግቢያ ኃጢአቴን ሰምተው ሲጨርሱ «ሌላስ?» ይሉኛል። «ይኸው ነው አባ» እላለሁ። ይኸው ብቻ እንዳልሆነ እኔና እግዚአብሔር እናውቃለን። አሁን የምጽፍላችሁ ያንን በየጊዜው የዘለልኩትን ነው። ፊታችሁን ስለማላየው ይሆናል የደፈርኩት።

ቤቴ ጎንደር፣ ቁስቋም ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ። እግዚአብሔር አንዲት ልጅ ሰጠኝ፣ ሰናይት። ከእሷ በኋላ አልሰጠኝም፤ በሰጠኝ አመሰግነዋለሁ። በግቢያችን ለኪራይ የምትሆን አንዲት ክፍል ነበረችን። ትርንጎ የገባችው እዚያች ክፍል ውስጥ ነው።

ትርንጎ የእንፍራንዝ ልጅ ናት። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ወጥቶ ይከርማል። በከተማው ዘመድ አልነበራትም፤ ገና የሚድህ ወንድ ልጅ ብቻ ታቅፋ መጣች። ሥርዓት ያላት፣ ሸጋ ልጅ ነበረች። ይህን የምለው ዛሬ አይደለም፤ ያን ጊዜም አውቀው ነበር። አውቄው ነው የበደልኳት።

ሰናይት ያን ጊዜ አሥረኛ ክፍል ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በእኔ በር አልፋ ወደ ትርንጎ ክፍል መሄድ ጀመረች። ሕፃኑን ታዝላለች፣ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ይሳሳቃሉ። ሳቃቸው ጓዳዬ ድረስ ይሰማኛል። እኔ ጋ ስትመጣ ጠግባ ነው።

«እማዬ፣ የትርንጎን ሽሮ ብትቀምሺው!» አለችኝ አንድ ቀን።

«ሽሮ ያው ሽሮ ነው» አልኳት።

«አይደለም» አለችኝ፤ ደርቃ።

በሰፈሩ ወጥ በእኔ ይመሰገን ነበር። ለሠርግም ለተዝካርም ወጥ ቤት የምጠራው እኔ ነበርኩ። አሁን የገዛ ልጄ፣ አንዲቷ ልጄ፣ የሰው ሽሮ ታወድስብኛለች። ምን ነበረበት? ልጅ ናት፣ ጣፈጣት፣ ተናገረች። እኔ ግን ያን ቃል ይዤ ውዬ አደርኩ። ጸሎት ስቆም እንኳ አብሮኝ ይቆማል።

በሳምንቱ ትርንጎን ጠራኋት። «ቆጣሪው የጋራ ነው፤ ከእንግዲህ ስቶቭ እንዳይሰካ። ከሰልም ግድግዳ ያጠቁራል» አልኳት።

«የልጁን ወተትስ እትዬ?»

«ወተቱን እኔ ጋ እያመጣሽ ታሞቂያለሽ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ጉልበቴን ሳመች። አመሰገነችኝ! ቆጣሪው ነበር ወይ ያሳሰበኝ? አልነበረም። ልጄ ወደ እኔ ምድጃ እንድትመለስ ነበር።

አልተመለሰችም። ትርንጎ ያለ እሳት መሥራት ጀመረች። በሶው፣ ተልባው፣ ከእናቷ ቤት ተቆልቶና ተፈጭቶ የሚመጣላት አለ። ምስር ዘፍዝፋ በጨርቅ ትጠቀልልና በቆልት ታወጣለች፤ በሽንኩርት፣ በቃሪያና በሎሚ ታሸዋለች። ስናፍጭ ትፈጫለች፣ አዋዜ ታሻለች። እንጀራውን ከጎረቤት ጋጋሪ ትገዛለች። ሰናይት ጭራሽ ከዚያ ክፍል አልወጣ አለች። እኔ ደግሞ ምድጃዬ ፊት ቁጭ ብዬ በአንዲት በቆልት እቀና ነበር። በአርባ ሁለት ዓመቴ፣ በበቆልት!

በሰፈራችን የእመቤታችን ማኅበር አለን። ዘመድ ለሌላት ሴት ማኅበር ዘመዷ ነው። ስትወልድ ገንፎ የሚያገነፋላት፣ ስትታመም በሯን የሚከፍትላት፣ ሐዘን ሲደርስባት አብሯት የሚቀመጠው ማኅበርተኛው ነው። ትርንጎ መግባት ፈለገችና በእኔ በኩል ጠየቀች። የእኛ ወግ፣ አዲስ የምትገባዋ በቁስቋም በዓል ማኅበሩን ታበላለች። አባ ይባርካሉ፣ ሁሉም ከእጇ ይቀምሳል፣ ከዚያ ወዲያ እህታችን ናት። ቀኑ ተቆረጠላት። ክፍሏ ስለምትጠብ በእኔ ሳሎን እንዲሆን ተስማማን።

የዚያ ዓመት ኅዳር ስድስት ዓርብ ዋለ። የጽጌ ጾም ቢፈታም ዓርብ ያው ዓርብ ነው፤ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ። በጾም ምግብ ማኅበር ማብላት እጅ ይፈልጋል። እሳትም ይፈልጋል።

«እትዬ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ስቶቩን ልሰካ፤ ለማርያም ብለው» አለችኝ።

«ለአንዷ ብፈቅድ ሌላዋ ትጠይቃለች» አልኳት። ሌላ ተከራይ አልነበረኝም።

 ሳቅ ብላ «ይሁን እትዬ፤ እሳት የማይነካው ስንት ነገር አለ!» አለችኝ።

ስለ ሐሙስ ልንገራችሁ። ሐሙስ ትርንጎ ገበያ ወጣች፤ ሰናይት ትምህርት ቤት ነበረች። እኔ ትልቁን ድስት ጣድኩ። ምስር ወጥ ሠራሁ፣ አልጫ ክክ ሠራሁ፤ ለማኅበር የሚበቃ። ድስቶቹን መኝታ ቤቴ አስገብቼ ጋቢ አለበስኳቸው። ለምን? ትርንጎ እንድታፍር አስቤ ነበር፤ ስታፍር ደግሞ የምደርስላት እኔ እንድሆን። ሁለቱንም ፈልጌ ነበር፣ ውርደቷንም ምስጋናዋንም።

ዓርብ ከቅዳሴ ቀድሜ ተመለስኩና ሳሎኔ ገባሁ። ማዕዱ ተዘርግቶ ነበር። የበሶው ድብልብል፣ በዘይትና በበርበሬ ታሽቶ። በቆልቱ። ቃሪያው ተሰንጎ። ተልባው፣ ስናፍጩ፣ ከዳቦ ቤት የመጣው ድፎ። መሐል ላይ፣ ክዳን ባለው ትልቅ ሳህን፣ የሱፍ ፍትፍት። ሱፍ መቼም ሁላችን እናውቃለን። አምሰን ወይም ቀቅለን ወቅጠን፣ በውኃ በጥብጠን አጥልለን እንጀራ እንፈተፍትበታለን፤ ውኃው ወደ ቡናማ ይወስደዋል። ትርንጎ ግን ማመሻ እሳት አልነበራትም። ሱፉን ሌሊቱን ዘፍዝፋ ጥሬውን ወቀጠችውና ደጋግማ አጠለለችው። ነጣ። ዛሬ የታለበ መሰለ።

እሷ ልጁን ልታለብስ ስትወጣ ክዳኑን አንሥቼ በጣቴ ቀመስኩ። አባ ሳይባርኩት፣ ለእሷ ሳልነግር፣ እንደ ሌባ። ሱፍ ነው። ጥርት ያለ ሱፍ፤ ነጭ ሽንኩርቷ በልክ፣ ቃሪያዋ በልክ። እኔ ያን ያህል አጣፍጬ ሠርቼ አላውቅም። ያ ነው የገደለኝ።

አባ መጡ፣ ሴቶቹ መጡ። በመካከላችን ቀልደኛዋ እትዬ ዘውዴ ማዕዱን አይታ «ጉድ! ያለ እሳት ድግስም አየን! ባልሽንም ያለ እሳት ነው እንዴ ያገባሽው?» አለቻት።

«እሱንስ በጭስ ነው እትዬ፤ ዓይኔን ጨፍኜ!» አለች ትርንጎ። ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። አባም ሳቁ። ወደዷት። ገና ሳይቀምሱ ወደዷት፤ አየሁ።

ልጁ አለቀሰና ልታነሣው ወጣች። እትዬ ዘውዴ የሱፉን ክዳን ገለጠች። «ምነው እንዲህ ነጣ?» አለች፤ ለነገር አይደለም፣ ገርሟት ነው።

እኔ ያን ጊዜ ተናገርኩ። እኔ ቃል የማላበዛ ሴት ነኝ፤ ያን ዕለትም አላበዛሁም። «ጠዋት ወተት ስትቀበል አይቻታለሁ» አልኩ።

ይኸው ነው ያልኩት። ውሸት አለበት? የለበትም። በየጠዋቱ ከወተት ሻጯ ለልጇ ትቀበል ነበር፤ በእኔ ምድጃ ታሞቀው ነበር። ከዚያ እውነት የከፋ ውሸት ግን በዕድሜዬ ተናግሬ አላውቅም።

እትዬ ዘውዴ ክዳኑን መለሰችው። አባ መስቀላቸውን እንደያዙ «ልጅ አላት አይደል?» አሉኝ። መውጫ በር ከፈቱልኝ።

«አላት አባ» አልኩና ዝም አልኩ። አንድ ቃል መጨመር አቅቶኝ ነው? ቀምሼዋለሁ ሱፍ ነው ብል አይበቃም ነበር? ሌላ ሰው ሊያጣራው አይችልም፤ ወተት ከሆነ የቀመሰው ጾሙን ሻረ። ጣቱን የሚነክር አልነበረም። የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ትርንጎ ልጇን አዝላ ተመለሰች። «ብሉልኝ እንጂ! በሞቴ!» እያለች ዞረች። በአገራችን ሰውን ፊት ለፊት ወተት ጨመርሽ የሚል የለም። አንዷን ጨጓራዋን አመማት። አንዷ እስከ ማታ ልትጾም ተስላ ኖሯል። አንዷ በሶ አይስማማትም። ያው እጅ፣ ያው ማንኪያ ነውና ከሱፉ ጋር ሌላውም ተረፈ። ትርንጎ ከአንዷ ፊት ወደ አንዷ ፊት ታያለች፤ የሚነግራት የለም።

ያን ጊዜ ተነሣሁ። «ለቤት ብዬ አሁን የጣድኳት ነገር አለች፤ ላምጣ» አልኩ። የሐሙሱን ወጥ አሙቄ አቀረብኩ። በሉ። «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። ያስታጠበቻቸው ትርንጎ ናት።

ጓዳ ተከትላኝ ገባችና ትከሻዬን ሳመችኝ። «እትዬ፣ እርስዎ ባይደርሱልኝ የማርያምን ማኅበር ጦሙን ሰድጄው ነበር» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ምን አልኳት? «ምንም አይደል» አልኳት።

ከሰዓት ሰናይት መጣች። በግድግዳው በኩል እሰማቸዋለሁ።

«ሸጋ ነው እኮ! ምነው ሳይበሉት?»

«እሳት ያልነካው ነገር ለማኅበር ነውር ይሆናል። እኔ ነኝ ያላወቅሁ።»

ጥፋቱን ራሷ ወሰደችው። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ ለቀቅሁላት።

ማኅበሩ «ለጊዜው ትቆይ» አለ። ሁለተኛ አልጠየቀችም። በዓመቱ ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው በጸዳ ከተማ ቤት አግኝታ ለቀቀች። ሰናይት ሻንጣዋን ተሸክማ እስከ ባጃጁ ሸኘቻት፤ ተመልሳም ብዙ ቀን አላነጋገረችኝም። ምን እንደሠራሁ አታውቅም፤ ብቻ ቤቱ ጎድሎባታል።

ይህም አልበቃ። ትርንጎ እዚያው ጸዳ ሴት ልጅ ወለደች። ገንፎ የሚያገነፋላት ማኅበር እንዳልነበራት በኋላ ሰማሁ፤ ጎረቤቷ የነበረች አንዲት ሴት ናት የደረሰችላት። ሰማንያ ቀኗ ሲደርስ ደወለችልኝ። «ያን ቀን ያልጣሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ክርስትና ያንሡልኝ» አለችኝ። እንቢ ማለት ነበረብኝ። እሺ አልኩ። ሕፃኗን ታቅፌ ወደ ምዕራብ ዞሬ ሰይጣንን እክዳለሁ አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የምስሩ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለቁስቋም ክዳን ባለው ሳህን ሱፍ ትልክልኛለች። ዛሬ ስቶቭ አላት። ያለ እሳት የምትሠራው፣ አንድ ጊዜ ሸጋ ነው ስላልኳት ነው። ይመጣል፣ ነጭ ነው፣ እበላዋለሁ። አንድ ዓመት ላይ ሳህኑን ይዤ ቁጭ እንዳልኩ ገባኝ፤ ሱፉን ያነጣሁት እኔ ነኝ። ስቶቩን ባልከለክላት አምሳ ትሠራው ነበር፤ ማንም ለምን ነጣ ባላለ። በእኔ ክልከላ የነጣውን እኔው ወተት አስመሰልኩት።

ዘንድሮ ኅዳር ስድስት ዓርብ ይውላል። ማኅበሩም የእኔ ተራ ነው። እትዬ ዘውዴ አርጅታለች፤ አባ በሕይወት አሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሱፍ ዘፍዝፌ፣ እሳት ሳላስነካ፣ ራሴ እወቅጣለሁ። መሐል አስቀምጬ፣ ሁሉም ባሉበት፣ ያን ቀን የዋጥኩትን ቃል እናገራለሁ። ሰናይትም ሥራዋን አስፈቅዳ እንድትመጣ ነግሬያታለሁ። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም።

ልጅ ነበርኩ ልበል? አልነበርኩም። ሰይጣን አሳሳተኝ ልበል? ሐሙስ ዕለት ሽንኩርት ከትፎ ድስት ያማሰለው ሰይጣን አልነበረም። የልጄ ፍቅር ነው ልበል? ልጄን የሚወድ ሰው ልጄ የወደደችውን አያዋርድም። ከእናንተም ይቅርታ አልለምንም፤ የተበደለችው ሳትሰማ ከሌላ ብለምን ሌላ ስርቆት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ነገ ጸዳ እሄዳለሁ። ትርንጎ ደስ ይላታል። ሮጣ ትስመኛለች፤ የክርስትና ልጄን «ነይ እናትሽን ሳሚ» ትላታለች። ልጅቷን ወደ ውጪ ሰድጄ ስለ ወተቱ እነግራታለሁ። አውቃታለሁ፤ አትጮህም፤ አትሳደብም።  ያን ቀን ወጥ ይዤ የደረስኩላትን እኔን በልቧ ትፈልጋለች፤ ምናልባት ያ እንኳ እውነት ይሆን እንደሆነ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀኛለች።

«እትዬ፣ ወጡን መቼ ነበር የሠሩት?»

ሐሙስ፣ እላታለሁ።