የየኔታ ቀጭን እግር

ባለፈው ሳምንት ከክንዴ ላይ ጀሶው ተነሣልኝ። ከሥሩ የወጣው ክንድ የእኔ አልመስልህ አለኝ፤ ሰልሏል፣ ቆዳውም ተሸብሽቧል። ወዲያው ትዝ ያለኝ ግን የሌላ ሰው እግር ነበር፤ የየኔታ እግር።

የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ክረምቱን ደብረ ታቦር ላሳልፍ የገባሁ ጊዜ ነው። የሰውን አካል አሠራር ስለምንማር፣ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ከቆዳው በታች የማየው ይመስለኝ ነበር። የኔታ ጎረቤታችን የሆኑ የዜማ መምህር ናቸው። ከጋፋት ሲመለሱ ወድቀው እግራቸው ተሰብሮ፣ ጀሶው ከተነሣላቸው ወር ሞልቶ ነበር። ቀኝ ይሁን ግራ፣ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። አጥንቱ ገጥሟል፤ እግሩ ግን አልቆም ብሏል። “ለደብረ ታቦር በዓል ማኅሌት ካልቆምሁ መቋሚያዬን ለሌላ መሪ አስረክባለሁ” ብለው ቆርጠዋል። በዓሉ ሊደርስ የቀረው አምስት ሳምንት ገደማ ነው።

ተማሪዎቻቸው ውኃ ያቀርባሉ፣ እግራቸውን በኑግ ዘይት ያሻሉ፣ ደጅ ሲወጡም አቅፈው ያነሧቸዋል። ይህ ሁሉ ክብር እግሩን ይበልጥ እያሰለለው መሆኑን የተናገርሁት እኔ ነኝ፤ ደፋር ነበርሁ።

“እኛ እያለን የኔታ ተነሥተው ውኃ ይቅዱ?” አለኝ አንዱ ተማሪ፣ ሊመታኝ ምንም ሳይቀረው።

የኔታ ግን ሳቁ። “ተወው፤ ይናገር የዩኒቨርሲቲው ደብተራ። እስቲ እዚህ ውስጥ ምን አለ?” አሉና ጭናቸውን በጣታቸው ወጉ።

አጠገባቸው ከነበረው የቃጫ ገመድ ጫፉን ፈታሁ። ገመዱ ከጉንጉን፣ ጉንጉኑም ከክር እንደ ተሠራ፣ ጡንቻም ክር በክር ውስጥ ነው አልኋቸው። ክሮቹ ሲኮማተሩ አጥንቱን ይስባሉ፤ መግፋት ግን አያውቁም። ስለዚህ የጭኑ ፊት ጉልበትን ሲዘረጋ የኋላው ይላላል፤ የኋላው ሲያጥፍ የፊቱ ያርፋል። ሥራ ያጣ ክር ደግሞ ይቀጥናል።

“እንደ ማኅሌት ቀኝና ግራ ናቸዋ!” አሉ። “ቀኙ ሲመራ ግራው ይሰማል፤ ግራው ሲቀበል ቀኙ ያርፋል። ለመሆኑ ይህን ለማወቅ ስንት ሰው ተረተራችሁ?”

“በሥዕል ነው ያየሁት፣ የኔታ።”

“በሥዕልማ እኛም ዘንዶ አይተናል!”

ከማግስቱ ጀምሮ መደብ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ቀጥ አድርገው ያነሡ ጀመር። ሰዓት አልፈለጉም። አንድ ሃሌ ሉያ በዜማ እስኪያልቅ ይይዙታል፤ ለሌላ ሃሌ ሉያ ያሳርፉታል። መጀመሪያ ላይ ዜማው ሳይጋመስ እግሩ ተንቀጥቅጦ ይወድቅ ነበር፤ ተማሪዎቹ ዘለው ሊይዙት ሲሉ በዓይናቸው ይገሥጿቸዋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እኔ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ እየበላሁ ከአጠገባቸው እቀመጣለሁ። ነሐሴ ሲገባ ውኃቸውን ራሳቸው ቀዱ። ያ ሊመታኝ የነበረው ተማሪ ፊቱን አዞረ፤ ያለቀሰ መሰለኝ። ምናልባት ያለቀስሁት እኔ እሆናለሁ።

በበዓሉ ጠዋት ወረቡ ሲጀመር በቦታቸው ቆሙ። መሀል ላይ ግን ፊታቸው በላብ ርሶ ተቀመጡ። ተማሪዎቹ ተንደርድረው ሲመጡ፣ “ዞር በሉ! እያሳረፍሁ ነው እንጂ አልወደቅሁም” አሉ። ጥቂት ቆይተው፣ ማንም ሳይነካቸው፣ ተነሡ። መቋሚያውንም አላስረከቡም።

የኔታ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ አንድ ነገር ይቆጨኛል። “አዲስ ክር ይበቅላል” ብያቸው ነበር መሰለኝ፤ ልክ አይደለም። የሚወፍሩት ቀጥነው የቀሩት፣ ያው አሮጌዎቹ ክሮች ናቸው። ያን ጊዜ አውቄ ብነግራቸው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ይበልጥ ደስ ይላቸው ነበር እላለሁ፤ ከእሳቸው ጋር የቀረው አሮጌው ክር በቂ ነበርና።